ጉግል ፒክስል 4ኤ፦ ጠንካራና ደካማ ጎኖቹ

ፒክስል 4ኤ ጉግል በ2020 ያወጣው መካከለኛ ዋጋ ያለው ትንሽ ስማርት ስልክ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ይፋ የሆነው ኦገስት 3 ሲሆን፣ አሜሪካ ውስጥ መሸጥ የጀመረው በዚያው ወር በ20 ነው። ዋጋው 349 ዶላር ነበር። ከእሱ በፊት የወጣው ፒክስል 3ኤ በ399 ዶላር ነበር የጀመረው። ስለዚህ ዋጋው በ50 ዶላር ሲቀንስ፣ ማከማቻው ከ64 ወደ 128 ጊጋባይት፣ ራሙም ከ4 ወደ 6 ጊጋባይት አደገ። በዚያው ዓመት የወጣው አይፎን ኤስኢ በ399 ዶላር ይሰጥ የነበረው 64 ጊጋባይት ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ጉግል ፒክስልን በይፋ አይሸጥም። እኛ ጋ ያሉት ከውጭ አገር በዘመድ እጅ ወይም በነጋዴ በኩል የገቡ ናቸው።

የስልኩ ትልቁ ጸጋ መጠኑ ነው። ክብደቱ 143 ግራም፣ ርዝመቱ 144 ሚሊሜትር፣ ወርዱ ደግሞ 69.4 ሚሊሜትር ነው። አውቶብስ ውስጥ ቆሞ በአንድ እጁ ብረቱን ይዞ በሌላው መልዕክት ለሚጽፍ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አውራ ጣት ብዙ ሳይንጠራራ ይደርሳል። ጀርባው ፕላስቲክ ስለሆነ ወድቆ እንደ መስታወት አይሰነጠቅም። የጣት አሻራ ማንበቢያውም ከኋላ፣ ጣት በተፈጥሮው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ከላይ የኢርፎን ቀዳዳ አለው። ትንሽነቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። የአማርኛ ኪቦርድ ሲከፈት ፊደሎቹ ጠበብ ይላሉ፤ ጣቱ ወፈር ያለ ሰው ይሳሳታል። ለዚህ መፍትሔ የሚሆነው በድምፅ መጻፍ ነው። ጉግል አማርኛን በድምፅ ከሚጻፉ ቋንቋዎች ጋር የጨመረው በ2017 ስለሆነ ስልኩ ላይ ያለ ችግር ይሠራል።

ስክሪኑ 5.8 ኢንች ኦሌድ ነው። ጥቁሩ እውነተኛ ጥቁር፣ ጽሑፉም ጥርት ያለ ነው።

ካሜራው ለብቻው ሊወራለት ይገባል። ከኋላ ያለው አንድ ካሜራ ብቻ ነው፤ 12.2 ሜጋፒክስል። በዚያን ጊዜ ሌሎች አምራቾች በዚሁ ዋጋ ሦስትና አራት ካሜራ ይደረድሩ ነበር። ጉግል ግን በሶፍትዌሩ ላይ ተማምኖ ነበር፣ መተማመኑም ትክክል ነበር። ቁልፉ አንዴ ሲነካ ስልኩ ጨለም ያሉ ብዙ ፎቶዎችን በፍጥነት ያነሳና አንድ ላይ ያዋህዳቸዋል። በመስኮት በኩል ፀሐይ እየገባ፣ ሰውየው ጥላ ውስጥ ቆሞ ሳለ ፊቱም ሰማዩም የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። የማታ ፎቶው ደግሞ ይበልጣል። ስልኩን አንድ ነገር ላይ አስደግፎ አራት ደቂቃ ገደማ ለታገሰ ሰው ከዋክብትን ያነሳል። መብራት በጠፋበት ማታ ደጅ ወጥቶ የሞከረ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ዋጋቸው ከእሱ በጣም የሚበልጥ ፒክስሎች በሚሠሩበት ዘዴ ነው። በእኔ እምነት በ2020 በዚህ ዋጋ ከእሱ የተሻለ ፎቶ የሚያነሳ ስልክ አልነበረም።

ጉድለቱም አለ። ሰፊ ቦታ የሚያሳይ ተጨማሪ ሌንስ የለውም። የሠርግ ቤተሰብን በሙሉ አንድ ፎቶ ውስጥ ለማስገባት ወደ ኋላ መራመድ ግድ ነው። ፎቶ የሚያቀናብር የተለየ ቺፕ ስላልተገጠመለት፣ ከተነሳ በኋላ ጥቂት ሰከንድ ያስጠብቃል።

ፕሮሰሰሩ ስናፕድራገን 730ጂ ነው። ለቴሌግራም፣ ለዩቲዩብና ለካርታ በቂ ሲሆን፣ ከባድ ጌም ላይ ግን ይደክማል። ሚሞሪ ካርድ አይቀበልም፤ ውሃ እንደሚቋቋምም አልተመሰከረለትም። የሲም ቦታው አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው መስመር የሚገባው በኢሲም፣ ማለትም ካርድ ሳይገባ ስልኩ ውስጥ በሚጫን ሲም ነው። ከ2022 ጀምሮ የኢትዮ ቴሌኮምንም የሳፋሪኮምንም ሲም ለሚይዝ ሰው ይህ ያስቸግራል።

ባትሪው 3,140 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው፣ ያኔም ቢሆን ትንሽ። አዲስ ሳለ መካከለኛ ተጠቃሚን ከጠዋት እስከ ማታ ያደርስ ነበር። የስልኩ ታሪክ የተበላሸውም በዚሁ ባትሪ ነው። የደህንነት አፕዴቱ በ2023 አብቅቶ፣ የመጨረሻው ሥሪት አንድሮይድ 13 ሆኖ ቀርቶ ነበር። በጃንዋሪ 2025 ግን ጉግል ድንገት አዲስ አፕዴት ላከ። ስልኩ ራሱ የሚጭነው፣ ባለቤቱ እምቢ ሊለው የማይችል ነበር። በአንዳንዶቹ ስልኮች ላይ የባትሪውን አቅምና የቻርጅ ፍጥነቱን ቀነሰ። ኮዱን የመረመሩ ሰዎች የባትሪው ከፍተኛ ቮልቴጅ ከ4.44 ወደ 3.95 ቮልት መውረዱን አግኝተዋል። ቀን ሙሉ ይቆይ የነበረ ስልክ በጥቂት ሰዓት ማለቅ ጀመረ። ወደ ቀድሞው ሶፍትዌር መመለስም ከባድ ሆነ፤ የድሮዎቹ ፋይሎች ከጉግል ገጽ ተነስተው ነበርና።

ኩባንያው ለተጎዱት ሦስት አማራጭ ሰጠ፦ ነፃ የባትሪ ቅያሪ፣ 50 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ወይም ለአዲስ ፒክስል መግዣ የሚሆን 100 ዶላር። ምክንያቱን በመጀመሪያ በግልጽ አልተናገረም። በኋላ ግን የአውስትራሊያ የሸማቾች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ባትሪው ከልክ በላይ ሊሞቅና እሳት ወይም ቃጠሎ ሊያስከትል እንደሚችል ገልጿል። ስለዚህ አፕዴቱ ለደህንነት መሆኑ አያከራክርም። ምክንያቱን በግልጽ ሳይነግሩ መላኩ ግን ስልኩን ለሚወድ ሰው ያሳዝናል።

ፒክስል 4ኤን የተኩት ሁሉ ተለቅ ያሉ ናቸው። በ2021 የወጣው 5ኤ 6.34 ኢንች ነው። በ2022 የወጣው 6ኤ 178 ግራም ይመዝናል፣ የኢርፎን ቀዳዳውም ቀርቷል። 4ኤ ላይ ዛሬም ሊኒጅ ኦኤስን፣ ማለትም ከጉግል ውጭ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የሚያዘጋጁትን የአንድሮይድ ሥሪት፣ የሚጭኑ አሉ።

ያገለገለ 4ኤ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ባትሪው የተቀየረ መሆኑንና መቼ እንደተቀየረ ይጠይቅ። ከዚያ ስልኩን ሻጩ ፊት ቻርጅ ላይ ሰክቶ ይይ፤ መቶኛው በስንት ደቂቃ እንደሚጨምር፣ ከተነቀለ በኋላም ቪዲዮ ሲከፈትበት በምን ፍጥነት እንደሚወርድ ይቁጠር።