ትሮፊ አደን ምንድን ነው? ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ራስስ?

ለሥጋ የሚያድን ሰው ቀንዱን ጥሎት ቢሄድ አይቆጨውም። ማሳውን የሚያወድምበትን ከርከሮ የገደለ ገበሬም ከርከሮው ከጠፋለት ጉዳዩ አብቅቷል። ትሮፊ አዳኝ የሚባለው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ሥጋውን ለሌላ ሰው ትቶ ራሱን፣ ቀንዱን፣ ቆዳውን ወይም ጥርሱን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እንስሳውንም የሚመርጠው በዚያው ዓይን ነው፦ ቀንዱ የረዘመ፣ ጎፈሩ የጠቆረ፣ ጥርሱ የከበደ። እንግዲህ ትሮፊ አደን ማለት ለምልክት ሲባል፣ ብዙ ጊዜም ፈቃድ አውጥቶና ብዙ ገንዘብ ከፍሎ፣ አንድን እንስሳ መርጦ መግደል ነው። ከሕገወጥ አደን ጋር የሚያምታታው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ትሮፊ አደን በበርካታ አገሮች ሕጋዊ ነው። ክርክሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው፤ ሕገወጥ ቢሆን ኖሮ የፖሊስ ጉዳይ ሆኖ ይቀር ነበር።

ቃሉ የመጣው ከጦር ሜዳ ነው። ጥንታውያን ግሪኮች ድል ሲያደርጉ ጠላት ፊቱን አዙሮ መሸሽ የጀመረበት ቦታ ላይ ግንድ ይተክሉና የማረኩትን ጥሩርና የራስ ቁር ያለብሱት ነበር። ያንን ሐውልት ትሮፓዮን ይሉታል፤ ሥሩ «መዞር» የሚል ቃል ነው። ዛሬ ትሮፊ ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን የኳስ ዋንጫ ቢሆንም፣ አማርኛ ለአደኑ ከዋንጫ ይልቅ የሚቀርብ ቃል አለው፦ ግዳይ። ግዳይ የተገደለው ነው፤ ግን የተገደለ ሁሉ ግዳይ አይደለም። ገዳዩን ስም የሚያስጠራ መሆን አለበት። ዶሮ ያረደ ሰው ግዳይ ጣለ አይባልም።

ስለ ትሮፊ አደን የሚደረገው ሙግት መቋጫ የሚያጣው ሁለት ጥያቄ በአንድ ቋጠሮ ስለሚታሰር ይመስለኛል። አንዱ፣ ይህን እንስሳ መግደል ይገባል ወይ የሚለው ነው። ሌላው፣ ገድሎ ሰቅሎ ማሳየትስ? የመጀመሪያው በገንዘብ፣ በቁጥርና በመሬት ሊመለስ ይችላል። ሁለተኛውን ግን የትኛውም ደረሰኝ አይመልሰውም።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ዓለም ሁሉ የሰማው እ.ኤ.አ. በ2015 ዚምባብዌ ውስጥ ሲሲል የተባለ አንበሳ ሲገደል ነው። ሲሲል የሁዋንጌ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ ነበር፤ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንገቱ ላይ መከታተያ አስረውለት ለዓመታት ሲያጠኑት ቆይተዋል። ከፓርኩ ወሰን ውጭ በሥጋ ተማርኮ መጥቶ አንድ አሜሪካዊ አዳኝ በቀስት ወጋው፤ ወዲያው አልሞተም፣ የተጨረሰው ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው። ቁጣው ከዳር እስከ ዳር ሆነ። ታላላቅ የአሜሪካ አየር መንገዶች የአንበሳ፣ የዝሆንና የአውራሪስ ግዳይ አንጭንም አሉ። በዚያው ዓመት በሌሎች ቦታዎች በሕጋዊ ፈቃድ የተገደሉ ብዙ አንበሶች ግን ማንም አላለቀሰላቸውም። ስም አልነበራቸውም። ቁጣው ሐሰት ነበር ማለቴ አይደለም፤ ያተኮረው ግን አንበሳነቱ ላይ ሳይሆን ስሙ ላይ ነበር።

የአደኑ ደጋፊዎች መልስ በአጭሩ «ዋጋ የሌለው እንስሳ አይኖርም» የሚል ነው። ዝሆን ሰብል ይበላል፣ አንበሳ ከብት ይፈጃል፤ አብሯቸው የሚኖር ሰው ከእነሱ ካልተጠቀመ ቦታቸውን ለላምና ለማሳ ያደርገዋል፣ መርዝም ያስቀምጣል። ናሚቢያ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ሕግ በጋራ መሬት ላይ የሚኖሩ ማኅበረሰቦች ተደራጅተው ከዱር እንስሳት ገቢ እንዲያገኙ ፈቀደች፤ ገቢው ከቱሪዝምም ከአደንም ነው። በደቡባዊ አፍሪካ ነጭ አውራሪስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከ100 በታች ቀርቶ ነበር፤ ዛሬ በብዙ ሺዎች ይቆጠራል። ጥበቃው ያመጣው ትንሣኤ ነው። ሆኖም የግል መሬት ባለቤቶች አውራሪስ ገዝተው ማርባታቸው የሚያዋጣቸው አደኑም ገቢ ስለሚያስገኝ እንደነበር የሚክድ የለም። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ፣ ዳላስ ከተማ ላይ፣ ናሚቢያ ውስጥ አንድ ጥቁር አውራሪስ ለመግደል የሚያስችል ፈቃድ በጨረታ 350,000 ዶላር ተሸጧል። የተመረጠው መውለድ ያቆመ፣ ወጣቶቹን የሚያጠቃ አሮጌ ወንድ እንደሆነ ተነገረ።

ይህን መከራከሪያ በንቀት ማለፍ ይቀላል፤ ትክክል ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 አውሮፓ ውስጥ የግዳይ ማስገባትን ስለማጥበቅ ሲወራ የቦትስዋና ፕሬዚዳንት ለጀርመን 20,000 ዝሆን ልላክላችሁ ብለው ነበር። ቀልዱ መራራ ነበር። 130,000 ያህል ዝሆን ያለባት አገር መሪ፣ ዝሆንን በቴሌቪዥን ብቻ ለሚያውቅ ሰው «እስቲ አብረኸው ኑር» ማለታቸው ነው። በሌላ በኩል ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1977 አደንን ሙሉ በሙሉ ከልክላለች፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት አራት አሥርት ዓመታት ግን የዱር እንስሳቷ ቁጥር እጅግ አሽቆልቁሏል። ምክንያቱ ክልከላው ነው ማለት አይቻልም፤ የከብት ብዛት፣ አጥርና እርሻ አለበት። የሚያሳየው ክልከላ ብቻውን እንስሳ እንደማያድን ነው።

ያም ሆኖ ደጋፊዎች የሚሸፋፍኑት ነገር አለ። ገንዘቡ መንደሩ ጋ የሚደርሰው ተቋሙ ንጹሕ ሲሆን ብቻ ነው፤ መንገድ ላይ የሚበላው እጅ ብዙ ነው። ሌላው ምርጫው ራሱ ነው። ተፈጥሮ ደካማውን ትወስዳለች፤ ትሮፊ አዳኝ ደግሞ ምርጡን። ካናዳ፣ አልበርታ ውስጥ ለ30 ዓመታት የተጠኑ የተራራ በጎች እንዳሳዩት፣ ትልልቅ ቀንድ ያላቸው ወንዶች ገና ብዙ ሳይዋለዱ እየተገደሉ ሲያልቁ የመንጋው ቀንድ በትውልድ እያነሰ ሄደ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲታተም ብዙ አከራከረ። አንበሳ ጋ ነገሩ ይብሳል፤ መንጋ የሚመራ ወንድ ከሞተ ተተኪው ደቦሎቹን ይገድላቸዋል፣ ስለዚህ አንድ ጥይት አንድ አንበሳ ብቻ አይደለም። ዕድሜው ስድስት ዓመት ያልሞላ አንበሳ እንዳይታደን የሚለው ደንብ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ከሁሉ የሚያሳፍረው ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አንበሳን አጥር ውስጥ አርብቶ፣ ማምለጫ በሌለው ቦታ ለተኳሽ ማቅረብ ነው። ይህን እንኳ ብዙ አዳኞች አደን ብለው አይጠሩትም።

አዳኞች ለምን ይቀፋቸዋል? መልሱ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ያሻግረናል። እ.ኤ.አ. በ1902 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሚሲሲፒ ውስጥ ድብ አጥተው ሲንከራተቱ፣ ረዳቶቻቸው አንድ ድብ በውሻ አሳድደው፣ መትተው፣ ዛፍ ላይ አሰሩላቸው። ሩዝቬልት የታሰረ ድብ አልተኩስም አሉ። ወሬው በጋዜጣ ካርቱን ተሣለ፣ ከካርቱኑም ሕፃናት የሚያቅፉት ቴዲ ቤር የተባለው አሻንጉሊት ወጣ። ካርቱኑ ያልነገረን ነገር ቢኖር ድቡ አለመትረፉን ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ከሥቃዩ ገላግሉት ብለው በቢላዋ ተገደለ። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ እምቢታው ማንን እንዳዳነ ነው። የዳነው የአዳኙ ክብር ነው። ከዚያ 15 ዓመት ቀደም ብሎ ሩዝቬልት ራሳቸው የመሠረቱት የቡን ኤንድ ክሮኬት ክለብ «ፍትሐዊ አደን» የሚለውን ሐሳብ ካስፋፉት ዋነኞቹ አንዱ ነው፦ እንስሳው የማምለጥ ዕድል ይኑረው። ደንቡ መልካም ነው፤ ግን ለእንስሳው የወጣ አይደለም። ግዳዩ ምስክር ሆኖ እንዲቆም የወጣ ነው፤ ሊያመልጥ ያልቻለ እንስሳ ስለ ማንም ጀግንነት አይመሰክርም።

እና ምስክርነቱ ምን ያህል ይታመናል? ግድግዳ ላይ የምናየው ራስ፣ ሙዚየም ውስጥ የቆመው ነብር፣ «የደረቀ እንስሳ» ይመስላል። አይደለም። ታክሲደርሚ የሚባለው ሙያ የሚያስቀረው በአብዛኛው ቆዳውን ብቻ ነው። ቆዳው ይገፈፋል፣ ይለፋል፣ ከዚያ በፎም በተሠራ ቅርጽ ላይ ይለበጣል፤ ዓይኑ መስታወት ነው፣ ምላሱና ድዱ ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ነው። ድሮ ውስጡ ገለባ ይጠቀጠቅበት ነበር፤ ያበጡና ፊታቸው የተጣመመ አንበሶች በአሮጌ ሙዚየሞች የሚታዩት ለዚህ ነው። ያገሳ ይመስል አፉን የከፈተ አንበሳ ሲሞት እንደዚያ ነበር ማለት አይደለም፤ ምናልባት ተኝቶ ነበር። ቁጣውን የሰጠው ባለሙያው ነው፤ ያዘዘው ደግሞ ገዳዩ።

የጻቮ ሁለቱ አንበሶች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1898 ዛሬ ኬንያ በምትባለው አገር የባቡር ሐዲድ ሠራተኞችን እየነጠቁ የበሉ ናቸው። የገደላቸው የብሪታኒያ ጦር መኮንን ቆዳቸውን ሩብ ምዕተ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ወለል ላይ አንጥፎ ተራመደበት። እ.ኤ.አ. በ1924 ለቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ሸጠው፤ ባለሙያዎቹ ከተከረከመ ምንጣፍ አንበሳ ማቆም ነበረባቸው። ዛሬ የሚታዩት ሁለቱ አንበሶች በሕይወት ከነበሩት ያንሳሉ።

ሙዚየም ሌላ ጉዳይ ነው ትሉ ይሆናል። በከፊል ነው። ኳጋ የሚባለው ከፊል መስመር ያለው የሜዳ አህያ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1883 አምስተርዳም ውስጥ የመጨረሻው ሞቶ ጠፋ፤ በ1984 ግን ሙዚየም ውስጥ ከተረፈ ቆዳው ዲኤንኤ ተገኘ። ከጠፋ እንስሳ ዲኤንኤ ሲነበብ ያ የመጀመሪያው ነበር። ቆዳውን ማንም ባያስቀምጠው ኖሮ ይህ አይሆንም። ታላቁ አውክ የተባለው መብረር የማይችል የባሕር ወፍ ደግሞ የተቃራኒው ምስክር ነው፦ የመጨረሻዎቹ ጥንድ እ.ኤ.አ. በ1844 አይስላንድ አጠገብ ኤልዴይ ደሴት ላይ የታነቁት ሰብሳቢ ስለሚፈልጋቸው ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዋጋው ጨመረ፣ ዋጋው በጨመረ መጠን ቁጥሩ አነሰ።

ካርል ኤክሊ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ሰው ያሳየናል። የዘመናዊ ታክሲደርሚ አባት የሚባል አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ለኒውዮርኩ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጎሪላ ሊያመጣ ኮንጎ ሄዶ ገደለ። ፊታቸውን ቀርቦ ካየ በኋላ ግን ጎሪላዎች እንዲጠበቁ መወትወት ጀመረ፤ የቤልጂጉ ንጉሥ አልበርት እ.ኤ.አ. በ1925 ዛሬ ቪሩንጋ የምንለውን ፓርክ እንዲከልል ጉትጎታው ረድቷል። በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ተራራ ላይ ታሞ ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። የገደላቸው ጎሪላዎች ኒውዮርክ ውስጥ ከመስታወት ጀርባ ቆመዋል። መታየታቸው ብዙ ሰው እንዲያዝንላቸው እንዳደረገ አምናለሁ። ዛሬ ፊልም ባለበት ዘመን አዲስ ጎሪላ ገድሎ ማቆም ግን በዚያ ምክንያት አይጸድቅም።

ማሳየት የገዛ ራሱ ሥነ ምግባር እንዳለው የሚያሳይ ከዚህ የሚከብድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1830 ገደማ ቬሮ የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች፣ እንስሳ ሞልተው የሚሸጡ ነጋዴዎች፣ ደቡባዊ አፍሪካ ውስጥ የአንድ ሰው አስከሬን ከመቃብር ሰርቀው እንደ እንስሳ ሞሉት። ይህ ሰው በስፔን ባኞሌስ ከተማ ሙዚየም ውስጥ ጦርና ጋሻ ይዞ እስከ 1997 ቆመ። ኋላም አስከሬኑ ወደ ቦትስዋና ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ2000 ጋቦሮኔ ውስጥ አፈር ለበሰ። ይህን ያመጣሁት ሰውን ከእንስሳ ለማስተካከል አይደለም። ቬሮዎች አልገደሉትም፤ ሞቶ ነው ያገኙት። በደሉ ሁሉ ያለው በማሳየቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ «ሞቷል፣ ምን ይጎዳዋል» የሚለው መልስ ስለ ሰውየው ካላጠገበን፣ ስለ አንበሳውም መጠየቅ አይከፋም፤ ምንም እንኳ መልሱ የተለየ ቢሆን።

የእኔ ሚዛን እንዲህ ነው። ዝሆን አብሮት የሚኖረው ሰው አሮጌ ወንድ ዝሆን ሸጦ ትምህርት ቤት ቢሠራ ከሩቅ ሆኜ ልፈርድበት አልደፍርም። ገዢውን ግን እጠይቀዋለሁ። ገንዘቡ ለጥበቃ ነው ካልክ ያንኑ ገንዘብ ስጥና ራሱን እዚያው ተወው ሲባል የሚስማማው ስንቱ ነው? የማይስማማ ከሆነ የገዛው ጥበቃውን አልነበረም። ፎቶው ላይ ሬሳ ላይ ቁጢጥ ብሎ መሳቅ ከጥበቃ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ከአያቱ ነብር ወይም የጎሽ ራስ የወረሰ ሰውስ? ይህ ጥያቄ ከሚታሰበው በላይ የተለመደ ነው። ገዳዩ ሞቷል፣ እንስሳው ሞቷል፣ ወራሹ ያላጠፋው ጥፋት ግድግዳው ላይ ቀርቷል። መጀመሪያ ማወቅ ያለበት አሮጌ ቆዳ ከብል ለመጠበቅ ብዙ ጊዜ አርሴኒክ የተባለ መርዝ ይቀባ እንደነበር ነው፤ ሕፃናት እንዲነኩት፣ በባዶ እጅ እንዲወለወል አይመከርም። ቀጥሎ፣ መሸጥ ወይም ድንበር ማሻገር ቢፈልግ ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ለብዙዎቹ ዝርያዎች ፈቃድ ይጠይቃል። ሙዚየም ልስጥ ቢል ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ የት ተገደለ፣ መቼ ተገደለ የሚል ነው፤ ቦታና ቀን የሌለው ቆዳ ለተመራማሪ ብዙም አይጠቅምም። ወራሹም አገላብጦ ከእንጨቱ ጀርባ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ የአያቱን ስምና የቀንዱን ርዝመት ብቻ ነው።