«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»

ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው ሰዎችን ለትብብር ለማነሣሣት ነው። ገንዘብ ሲዋጣ ወይም ሥራ ሲከፋፈል «ሃምሳ ሎሚ» ብሎ የጀመረ ተናጋሪ መጨረስ እንኳ አያስፈልገውም፤ አድማጩ ይሞላለታል። መነሻው ማንም በእጁ ሊሞክረው የሚችል ነገር ነው። አንድ ሎሚ ሲይዙት መዓዛው ያውዳል፣ ክብደቱም አይታወቅም። ሃምሳው በአንድ ሰው ላይ ሲከመር ግን መዓዛው ይረሳና ክንድ ይዝላል። ሎሚው ያው ነው፤ የተለወጠው የተሸካሚው ቁጥር ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ያ «አንድ ሰው» ነው። በየቤተሰቡና በየማኅበሩ አይጠፋም። የተጣላውን ያስታርቃል፣ የከፋውን ያጽናናል፣ የሁሉንም ምሥጢር ይሰማል። ማታ ስልኩ ሲጠራ የደዋዩን ስም እያየ እጁ አልነሣ ይለዋል። ደዋዩን ጠልቶ አይደለም፤ የሚሳሳለት ወንድሙ ሊሆን ይችላል። ጥሪው ሲቋረጥ ደግሞ «ፍቅሬ ቀዘቀዘ፣ እምነቴም ደከመ» እያለ ራሱን ይከስሳል።

መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ ያለውን ሰው አይከስሰውም። በዘጸአት 18 ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጦ የሕዝቡን ጉዳይ ብቻውን ሲዳኝ አማቱ ዮቶር አየና አልወደደለትም። በዚህ ከቀጠልህ አንተም ሕዝቡም ትዝላላችሁ አለው፤ የሺህ፣ የመቶ፣ የሃምሳና የአሥር አለቆችን እንዲሾምም መከረው። ሙሴ ምክሩን ተቀበለ። ያም ሆኖ በዘኍልቍ 11 ይህን ሁሉ ሕዝብ ብቻዬን ልሸከም አልችልም ብሎ ሞቱን እስከ መለመን ደረሰ። በዚህ ልመናው ምክንያት ግን የተግሣጽ ቃል አልወጣበትም። እግዚአብሔር ያዘዘው 70 ሽማግሌዎችን እንዲሰበስብ ነው፤ ሸክሙን አብረውት ሊሸከሙ።

ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱ ከአገልግሎት ሲመለሱ፣ ከሚመጣውና ከሚሄደው ሰው ብዛት የተነሣ ለመብላት እንኳ ጊዜ አጥተው ሳለ፣ ብቻቸውን ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ ነገራቸው (ማርቆስ 6)። ሕዝቡ ግን በእግር ሮጦ ቀደማቸው። ኢየሱስ አዘነለት፣ አስተማረው፣ መገበው። ብዙዎቻችን ታሪኩን እዚህ ላይ አቁመን «ዕረፍት የለም ማለት ነው» እንላለን። ቀጥሎ ያለው ግን እርሱ ራሱ ሕዝቡን አሰናብቶ ለመጸለይ ወደ ተራራ መውጣቱ ነው። እንደ እርሱ የወደደ የለም፤ እርሱም አሰናበተ።

በማቴዎስ 11 ሸክማችሁ የከበደ ወደ እኔ ኑ ካለ በኋላ ቀንበር መስጠቱ ብዙ ሰው ግራ ያጋባል። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው፦ የሰው ሁሉ አዳኝ የመሆን ሥራ ከትከሻችን ይወርዳል፤ እርሱ የሚሰጠን የየዕለት ድርሻ ይቀራል፤ ያም ቀሊል ነው። ስለዚህ የደከመው ሰው ማታ ሲጸልይ ያስጨነቁትን ሰዎች በየስማቸው እየጠራ ለእግዚአብሔር ያስረክባቸው። ከዚያም የአንዱን ጉዳይ «አንተ ብትጠይቀውስ?» ብሎ ለሌላ ወንድም ይስጥ፤ ለደወለውም «ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ እደውልልሃለሁ» ይበል። ይህን ማለት ኃጢአት አይደለም።