የኮርኒያ ፈንገስ ምንድን ነው? ሐኪሙስ በምን ያውቀዋል?

ፈንገስ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ጭርትና ቋቁቻ ነው። ዓይን ላይም ይወጣል። የሚይዘው ኮርኒያን፣ ማለትም ከፊት ያለውን ብርሃን የሚያስገባውን ጥርት ያለ ሽፋን ነው። በዓለም ላይ በዓመት ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው እንደሚይዝ ይገመታል።

ጤነኛ ኮርኒያ ፈንገስ በቀላሉ አያስገባም። ጭረት ይፈልጋል፦ ገለባ፣ እሾህ፣ የእንጨት ስባሪ። እ.ኤ.አ. በ1879 ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ቴዎዶር ሌበር ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው ታማሚም የአጃ ገለባ ዓይኑን የመታው ገበሬ ነበር፤ አውድማ ላይ የዋለ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ከተሜው ጋ ደግሞ በኮንታክት ሌንስ በኩል ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 ፉዛሪየም የተባለው ፈንገስ ሌንስ በሚያደርጉ ሰዎች ላይ በተለያዩ አገሮች ሲበዛ፣ ከበሽታው ጋር የተያያዘው የሌንስ ማጠቢያ ፈሳሽ ከዓለም ገበያ ተነሥቷል።

ምልክቱ ምንድን ነው? ዓይን ይቀላል፣ ያማል፣ ያለቅሳል፣ ብርሃን ይፈራል፣ ኮርኒያው ላይ ነጭ ነገር ይታያል። ችግሩ ባክቴሪያም ይህንኑ ማድረጉ ነው። የፈንገስ ቁስል ጠርዙ የተቦጫጨቀ ይመስላል፣ ዙሪያው ላይም ትንንሽ ነጠብጣቦች ሊኖሩት ይችላሉ፤ ግን በማየት ብቻ የሚፈርድ ሐኪም፣ ልምድ ያለውም ቢሆን፣ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል።

ስለዚህ ይፋቃል። አትደንግጡ፣ መጀመሪያ ማደንዘዣ ጠብታ አለ። ሐኪሙ በቀጭን ምላጭ ወይም በመርፌ ከቁስሉ ጠርዝና ሥር ትንሽ ናሙና ይወስዳል። ናሙናው መስታወት ላይ ተደርጎ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ሲልበት የዓይኑ ሴሎች ይሟሟሉ፣ የፈንገሱ ክሮች ግን ይቀራሉ፣ በማይክሮስኮፕም በዚያው ቀን ይታያሉ። ርካሽ ምርመራ ነው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠውም እሱ ነው። የትኛው ፈንገስ እንደሆነ ለማወቅ ግን ናሙናው ላቦራቶሪ ውስጥ እንዲያድግ ይደረጋል፤ አንዳንዱ በጥቂት ቀን ይበቅላል፣ አንዳንዱ ሁለት ሦስት ሳምንት ያስጠብቃል። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ከኮርኒያው ቁራሽ ተቆርጦ ሊመረመር ይችላል። ኮንፎካል የሚባለው ማሽን ሳይፋቅ ክሮቹን ያሳያል፣ ዝርያውን ግን አይለይም፤ ዋጋውም አይቀመስም።

ዝርያው ለምን ያስጨንቃል? መድኃኒቱ ስለሚለያይ። ለፉዛሪየም የሚመረጠው ናታማይሲን የተባለ ጠብታ ነው። ፑርፑሪዮሲሊየም ሊላሲነም የሚባለው ብርቅ ፈንገስ ደግሞ አምፎቴሪሲን የተባለውን ሌላ የፈንገስ መድኃኒት ከነጭራሹ አይሰማም። ከሁሉም የሚገርመው ፒቲየም ነው፦ ታይላንድና ህንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተገኝቷል፣ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ፈንገስ ነው፣ ግን ፈንገስ አይደለም፣ ይልቅ ለአልጌ ይቀርባል። ናታማይሲን የሚያጠቃው ኤርጎስቴሮል፣ ማለትም የፈንገስ ሴል ሽፋን ውስጥ ያለው የስብ ዓይነት፣ ሽፋኑ ላይ ስለሌለ ጠብታው ብዙም አይነካውም፤ እሱን ለማከም የሚሞከሩት እንደ ሊኔዞሊድና አዚትሮማይሲን ያሉ የባክቴሪያ መድኃኒቶች ናቸው፣ ብዙው ታማሚም የኮርኒያ ንቅለ ተከላ ያስፈልገዋል።

የሚያናድደኝ አንድ ነገር አለ፤ ዓይን በቀላ ቁጥር ከፋርማሲ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ገዝቶ መጨመር። ቅላቱ ይቀንሳል፣ ሰውየው ተሻለኝ ይላል፣ ፈንገሱ ግን የሰውነት መከላከያ ስለተዳከመለት ወደ ውስጥ ይገሰግሳል።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ ምን እንደመታችሁ፣ መቼ እንደሆነና የትኛውን ጠብታ እንደጨመራችሁ ሳትደብቁ ተናገሩ። ሌንስ የምታደርጉ ከሆነ ሌንሱንም ማስቀመጫውንም ሳታጥቡ ይዛችሁ ሂዱ፣ እነሱም ይመረመራሉ።