ሰው የለኝም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ይባላል፤ ድውይ፣ በሽተኛ ማለት ነው። በዚያ ሰንበት የሚነበበው ወንጌል፣ 38 ዓመት በደዌ ሲማቅቅ የኖረና በኢየሩሳሌም በበጎች በር አጠገብ ቤተ ሳይዳ በምትባለው መጠመቂያ ዳር ተኝቶ የነበረ ሰው ታሪክ ነው (ዮሐ. 5)። የመጠመቂያይቱ ፍርስራሽ ዛሬም በአሮጌው ከተማ በቅድስት ሐና ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስለሚታይ፣ ኢየሩሳሌምን ከተሳለሙ ምእመናን ብዙዎቹ ቆመው ያዩት ስፍራ ነው።

ጌታችን ይህን ሰው "ልትድን ትወዳለህን?" ብሎ ጠየቀው። ሰውየው እወዳለሁ ወይም አልወድም ማለት ሲችል "ሰው የለኝም" ብሎ መለሰ። ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር እደነግጣለሁ። በዓል በመሆኑ ከተማይቱ በሕዝብ ተሞልታለች፤ በዙሪያው ብዙ ድውያን ተኝተዋል፤ ይህን ያህል ዘመን በሕይወት መቆየቱም የሚያጎርሰው እጅ ፈጽሞ እንዳልጠፋ ያሳያል። የመጠመቂያይቱ ውኃ ሲናወጥ ቀድሞ የገባ ድውይ ይፈወስ ነበርና፣ እርሱ ያጣው ውኃው እስኪናወጥ አብሮት የሚቆይ፣ በተናወጠም ጊዜ አንሥቶ የሚያወርደውን አንድ ሰው ነው። ሰው በሰው መካከል ሆኖ ሰው ሊያጣ ይችላል ማለት ነው።

በዚያው ሰንበት ከወንጌል በፊት በዜማ የሚሰበከው ምስባክ "እግዚአብሔር ይረድኦ ውስተ ዐራተ ሕማሙ"፣ ማለትም እግዚአብሔር በደዌው አልጋ ሳለ ይረዳዋል የሚለው የዳዊት መዝሙር ነው። ይህ መዝሙር ሲጀምር "ብፁዕ ዘይሌቡ ላዕለ ነዳይ ወምስኪን" ይላል። ዳዊት ብፁዕ ያለው "ዘይሁብ"ን፣ ማለትም የሚሰጠውን ሳይሆን "ዘይሌቡ"ን፣ ማለትም የሚያስተውለውን፣ የድሃውን ነገር ልብ የሚለውን ነው። የሚያስተውል ሰው መስጠቱ አይቀርም፤ የሚሰጥ ሁሉ ግን ያስተውላል ማለት አይደለም።

በቋንቋችንም ታላቅ ትምህርት ተቀምጧል። በሽተኛ ለማየት ስንሄድ "ልጠይቀው ነው" እንላለን፤ ጌታችንም በመጨረሻው ቀን "ታምሜ ጠይቃችሁኛልና" ይለናል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ሄደን ሳንጠይቅ እንመለሳለን። ብርቱካኑንና ስኳሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን፣ "እግዚአብሔር ይማርዎ" ብለን፣ ስለ ኑሮ ውድነት እርስ በርሳችን ተጨዋውተን እንነሣለን። ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ እኔ ራሴ በሰፈራችን በኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ እግራቸው የከዳቸው አንዲት እናት ቤት ከማኅበራችን ጋር ለወራት የተመላለስሁት እንዲሁ ነበር። በየወሩ ጤፍና ዘይት እናደርስላቸዋለን፤ እርሳቸውም መርቀው ይሸኙናል። አንድ ቀን ብቻዬን ሄጄ አልጋቸው አጠገብ ባለች በርጩማ ላይ ተቀመጥሁና "እማማ፣ ምን ጎደለብዎ?" አልኋቸው። ብዙ ዝም አሉ፤ የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው እያሻሹ ቆዩና "ቅዳሴ ከሰማሁ ዓመት አለፈኝ ልጄ፤ ደረጃውን ማን ያወርደኛል?" አሉኝ። ደወሉ ግን በመስኮታቸው ይሰማል። ያን ሁሉ ጊዜ ዘይት ተሸክመን በወጣንበት ደረጃ ላይ እርሳቸውን ስለ ማውረድ አንዳችንም አላሰብንም ነበር።

እንዲህ ስል የእህሉን ነገር ማቃለሌ አይደለም። የሚበሉት ያጡትን "በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም" ብሎ በባዶ እጅ መሸኘትን ሐዋርያው ያዕቆብ አጥብቆ ይነቅፈዋል፤ በረሃብ ፊት ስብከት ማስቀደም ጭካኔ ነው። ነገር ግን በቅፍርናሆም አራት ሰዎች ጣሪያ አፍርሰው ያወረዱትን ሽባ ጌታ አስቀድሞ "ኃጢአትህ ተሰረየችልህ" ያለው፣ ከእግሩ መያዝ ይልቅ የጠለቀ ሕመም ስላየበት ነው። ስለዚህ ልንጠይቅ ስንቀመጥ ያላሰብነው ነገር ሊመጣ እንደሚችል እንወቅ፤ ከወንድም ጋር የቆየ ቂም፣ ለልጅ ያልተነገረ ምስጢር፣ ለዓመታት የተሸሸገ ኃጢአት ሊነገረን ይችላል። የዚህን ጊዜ ድርሻችን ሰምቶ መያዝ ነው። ለማኅበሩ አባላት "ጸልዩላቸው" በሚል ሰበብ የሰው ገመና ማውጣት ከባድ በደል ነው፤ ለኃጢአት መፍትሔ መስጠትም የእኛ ሥልጣን ስላልሆነ በሕመምተኛው ፈቃድ የንስሐ አባቱን ጠርቶ ማገናኘት ይገባል።

መጻጉዕን ስናነብ ቶሎ የምናልፈው አንድ ቃል አለ፤ "ከዚህ በኋላ ኢየሱስ በመቅደስ አገኘው" ይላል። ጌታችን አልጋውን አሸክሞ ከሰደደው በኋላ እንኳ አልተወውም፤ ዳግመኛ አግኝቶ ስለ ነፍሱ ነገረው። አንድ ጊዜ ሄዶ ፎቶ ተነሥቶ የሚቀር አገልግሎት ከዚህ ጋር እንዴት እንደሚስማማ አላውቅም።

እማማን በቀጣዩ እሑድ ሌሊት አራት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በፕላስቲክ ወንበር አድርገው፣ በየፎቁ እያረፉ አወረዷቸው። የንስሐ አባታቸው አስቀድመው መጥተው ስለ ነበር፣ አስቀድሰው ቆረቡ። ስንመልሳቸው 2ኛ ፎቅ ላይ ወጣቶቹ ትንፋሽ ሊወስዱ ወንበሩን ሲያስቀምጡ፣ በነጠላቸው አፋቸውን እንደ ሸፈኑ ወደ አንድ የተዘጋ በር አመለከቱኝና በዝግታ "እዚህም አንድ አባት አሉ፤ ነገ መጥተህ ጠይቃቸው" አሉኝ።