ትዊስት፦ እንደ ገመድ የሚከር ፀጉር

አማርኛ የፀጉር ቃል አያጥረውም። ፀጉር ሦስት ቦታ ተከፍሎ ሲተላለፍ ይጎነጎናል፤ ሹሩባ ይሆናል። ሁለት ቦታ ብቻ ተከፍሎ አንዱ በሌላው ላይ ሲጠመጠም ግን ነገሩ ከመጎንጎን ይልቅ ገመድ ለመግመድ ይቀርባል። ፀጉር ቤት ገብታችሁ «ግመጂልኝ» ብትሉ ግን ይሳቅባችኋል። እዚያ ስሙ ትዊስት ነው።

ገመድ ሲገመድ ያየ ሰው ምስጢሩን ያውቀዋል። እያንዳንዱ ክር መጀመሪያ ለብቻው ይከራል፤ ወደ ቀኝ እንበል። ከዚያ ሁለቱ ክሮች እርስ በርስ ወደ ግራ ይጠመጠማሉ። የከረረው ክር ልፈታ ሲል ጥምጥሙን ያጠብቀዋል። ጥምጥሙ ልፈታ ሲል ደግሞ ክሩን መልሶ ያከረዋል። አንዱ ሌላውን ይዞት ይቀራል። በፀጉርም ያው ነው፤ ሁለቱን ክፋይ በጣት እያከረሩ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ መጠምጠም። ሳያከሩ ዝም ብሎ ማጠላለፍም ይቻላል። ከርዳዳ ፀጉር ራሱን በራሱ ይይዛል። ዞማ ወይም ፔስትራ የተደረገ (በጋለ ብረት የተተኮሰ) ፀጉር ላይ ግን ታክሲ ተራ ሳትደርሱ ተበትኗል።

ከርዳዳ የሚለውን ቃል እንደ ስድብ እየሰማን ያደግን ብዙ ነን። ዞማው ይሞገሳል፣ ሉጫው ይመረጣል፣ የእኛ ደግሞ ማበጠሪያ ይሰብራል ይባል ነበር። እዚህ የምጠቀምበት እንደ ስም ብቻ ነው። የኦፕራ ዊንፍሬይ ፀጉር ሠሪ የነበረው አንድሬ ዎከር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ፀጉርን ከ1 እስከ 4 መድቦ ነበር። 1 ሉጫው ነው፣ 4 ደግሞ በጣም የተጠቀለለው። ትዊስት ከሁሉ በላይ የሚያገለግለው ይህን የመጨረሻውን ነው።

ለምን ቢባል፣ ይህ ፀጉር ጠንካራ ይመስላል እንጂ በቀላሉ የሚበጠስ ነው። ዘለላው ክብ ሳይሆን ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ በየመታጠፊያውም ደካማ ቦታ አለው። ከራስ ቅል የሚወጣው ወዝ ሉጫ ፀጉር ላይ ቁልቁል ይወርዳል። ከርዳዳው ላይ ግን እየተጠማዘዘ ጫፍ አይደርስም። ጫፉ ደግሞ የፀጉሩ ሽማግሌ ነው። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው የሚያድገው። ስለዚህ ሲሳብ 30 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ፀጉር፣ ጫፉ ሁለት ዓመት ገደማ ማበጠሪያ፣ ፀሐይ፣ የሹራብ አንገትና ትራስ ያየ ነው። ትዊስት ይህን ጫፍ ጠቅልሎ ያሳርፈዋል፤ ለሳምንታት ማበጠሪያ አያይም። ጥቅሙ ይኸው ነው። «ፀጉር ያሳድጋል» የሚሉ አሉ፤ አያሳድግም። ያደገው እንዳይበጠስ ይጠብቃል እንጂ።

ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል ወይ? አዎ፤ ከሹሩባ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ሹሩባ ሠሪ ይፈልጋል። እኔ ሹሩባ የተሠራሁት እናቴ ጉልበት መሃል መሬት ላይ ተቀምጬ ነው፤ በወስፌ እየከፈለች፣ ባዘነበልኩ ቁጥር ጭንቅላቴን እያቀናች። ትዊስት ግን መስታወት እንኳን አያስፈልገውም። ሁለት እጅና ትዕግሥት ይበቃል።

መጀመሪያ ይታጠቡታል። ኮንዲሽነሩ ሳይለቅ፣ ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ሥር ማፍታታት ነው። ከሥር የጀመረ ቋጠሮውን ሁሉ ወደ ጫፍ ይሰበስበዋል። ከዚያ አራት ቦታ ከፍሎ ሦስቱን በፀጉር መያዣ ማሰር። ከአንደኛው ላይ የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ይወስዱና ለሁለት ይከፍሉታል፤ ቅባት ወይም ጄል ነካ ያደርጋሉ፤ ይጠመጥማሉ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ በጣት ዙሪያ ማጠቅለል ነው፤ ከርዳዳ ከሆነ እዚያው ይቀራል። ወፈር ወፈር ያለ ሃያ ሠላሳ ትዊስት አንድ ፊልም ታይቶ ሳያልቅ ይደርሳል። ቀጭን ቀጭኑን ከፈለጋችሁ ቅዳሜን ሙሉ ስጡት።

ጄሉን መግዛት ግዴታ አይደለም። ተልባ አለ። ሩብ ኩባያ ተልባ በሁለት ኩባያ ውሃ ጥዶ ማማሰል ነው። የእንቁላል ነጭ መስሎ መዝለግለግ ሲጀምር ይወጣል። ማጥለል ያለባችሁ ትኩስ እያለ ነው፤ ከቀዘቀዘ ወንፊቱ ላይ እንደ ሙጫ ይቀመጣል፣ ተልባውም አብሮ ይቀራል። እኔ በአሮጌ ስቶኪንግ ነው የምጨምቀው። ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ያህል ይቆያል። ሽታው ከተቀየረ መድፋት ነው። ቅቤ የምትወዱም አላችሁ፤ ለጋ ቅቤ ፀጉርን ያለሰልሳል፤ ግን ቢሮ መግባት ካለባችሁ ሽታውን አስቡበት።

ሰው የሚረሳው ማድረቅን ነው። የተጠመጠመ ፀጉር ውስጡ ውሃ ይይዛል። በሐምሌ ማታ ታጥባችሁ ብትሠሩት ጠዋትም እርጥብ ነው፤ ሲሰነብትም ይሸታል። ያኔ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ውስጥ ገባ ማለት ነው፣ ወይ ከሰዓት በፊት መታጠብ። ማታ ማታ ደግሞ የሳቲን ሻሽ። የጥጥ ሻሽና ነጠላ ወዙን ይመጥጡታል።

ዓይነቱ ብዙ ነው። ከራስ ቅል ጋር ተጣብቆ እንደ ቦይ የሚሄደው ፍላት ትዊስት ይባላል፤ ጭንቅላት ላይ የተዘረጋ ገመድ ነው። የሴኔጋል ትዊስት የሚባለው ለስላሳ ዊግ እየተጨመረበት የሚሠራው ነው። የማርሌይ ዊግ ደግሞ ሻካራ ስለሆነ የራስን ፀጉር ይመስላል። እኛ አገር ዊግ የሚባለው አብሮ የሚሠራው ሰው ሠራሽ ፀጉር ጭምር ነው። ለዚህ ከሚውሉት ታዋቂ ክሮች አንዱ ካኔካሎን ነው፤ የጃፓኑ ካኔካ ኩባንያ ምርት። ሲያልቅ ጫፉ የፈላ ውሃ ውስጥ የሚነከረው ክሩ በሙቀት ቅርጹን ስለሚይዝ ነው። አንገታችሁ ላይ ፎጣ ሳታደርጉ እንዳትፈቅዱ።

ፀጉርን መጠምዘዝ የኢንስታግራም ዘመን ፈጠራ አይደለም። ደቡብ ኦሞ የሐመር ሴቶች ፀጉራቸውን ቀይ አፈርና ቅቤ ቀብተው ቀጫጭን አድርገው ያጠነጥኑታል፤ ግንባራቸው ላይ እንደ ጥልፍ ዘርፍ ይወርዳል። ናሚቢያ ያሉት የሂምባ ሴቶችም ቀይ አፈርና ቅቤ ነው የሚቀቡት። ሁለቱ ሕዝቦች በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ፤ ደረቅና ፀሐያማ አገር ላይ ግን ፀጉር የሚፈልገው ያው ሆነ።

ፀጉር ከመልክ በላይ እንደሆነ ለማየት ዐፄ ቴዎድሮስን ማሰብ ይበቃል። የእሳቸው ሹሩባ እንጂ ትዊስት አልነበረም፤ ግን አልፌው መሄድ አልቻልኩም። እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ላይ ራሳቸውን ካጠፉ በኋላ ከፀጉራቸው ተቆርጦ ወደ እንግሊዝ ሄደ። አስከሬናቸውን የሣለው ሠዓሊ ቤተሰብ በ1959 ለንደን ላለው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ሰጠው። ወደ አገሩ የተመለሰው በ2019 ነው። ሁለት ቁራጭ ፀጉር ለመቀበል ሚኒስትር ለንደን ድረስ ሄደዋል።

ትዊስት ከድሬድ ጋርም ይዛመዳል። ሳይፈታ ለወራት የተተወ ትዊስት ውስጥ ውስጡን ይቆላለፍና ድሬድ ይሆናል። ብዙ ሰው ድሬድ የሚጀምረው እንዲህ ነው። አንዳንዱ ሳያስበው ይጀምረዋል፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ሕግ ድረስ ደርሷል። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ባወጣው መመሪያ ትዊስትን ከልክሎ ነበር፤ ጥቁር ሴት ወታደሮች ተቃወሙ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ላይ ሁለት ክፋይ ያለው ትዊስት ተፈቀደ። ድሬድ ግን እስከ 2017 ጠበቀ። ካሊፎርኒያ በ2019 ክራውን አክት የተባለውን ሕግ አጸደቀች፤ በተፈጥሮ ፀጉርና በአሠራሩ ምክንያት ሥራ መከልከልንና ከትምህርት ቤት ማባረርን ይከለክላል። ሕጉ ጉንጉን፣ ድሬድና ትዊስትን በስም ይጠቅሳል። በ2020 ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ተከተሉ። የእኛ ሰው በብዛት የሚኖረው እዚያው አካባቢ ስለሆነ፣ ሆስፒታልም ባንክም የምትሠራ እህት «ይሄ ፀጉር ፕሮፌሽናል አይደለም» ስትባል የምትጠቅሰው ሕግ አላት ማለት ነው።

አሁን ወደ ሕመሙ። አንድ ጊዜ ለሰርግ ብዬ አንድ ፀጉር ቤት ዊግ ያለው ቀጭን ትዊስት ተሠራሁ። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ እጇ ግን ብረት ነው። «አመመኝ» ስላት «ቻይው የኔ ቆንጆ፣ ሲያድር ይላላል» አለችኝ። አደረ፤ አልላላም። ትራስ ላይ መተኛት አቅቶኝ ቁጭ ብዬ ነጋ። በማግስቱ ግንባሬ ዳር ትንንሽ ነጫጭ ቡግር ወጣ፤ ፎቶው ላይ ቅንድቤ ተስቦ የደነገጥኩ እመስላለሁ። ሰርጉ ሳያልቅ የፊቱን ረድፍ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፈታሁት።

ሐኪሞች ከመጎተት የሚመጣ የፀጉር መርገፍ የሚሉት ከዚህ ይጀምራል። መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1907 ግሪንላንድ ውስጥ ነው፤ ፀጉራቸውን ወደ ላይ ጥብቅ አድርገው የሚያስሩ ሴቶች ግንባራቸው ዳር ሲሳሳ ታይቶ። ስለዚህ ጥፋቱ የትዊስት አይደለም፣ የከርዳዳ ፀጉርም አይደለም፤ የመጎተት ነው። በጊዜ ከተተወ ይመለሳል። ለዓመታት ከተደጋገመ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆንና ፀጉሩ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ካመመ ጠብቋል። ቡግር ካወጣ ይፈታ፤ የከፈላችሁት ገንዘብ ቢያንገበግብም። የፊት ለፊቱን ለስለሱን ፀጉር ወፍራም ዊግ አታሸክሙት። በራስ ፀጉር የተሠራ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ ዊግ ያለው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ሥሩ መቆላለፍ ይጀምራል። እስከዚያው የራስ ቅሉን ማጠብ ይቻላል፤ ሻምፖውን በውሃ አቅጥኖ በየመሃሉ ማፍሰስ ነው፣ አለዚያ ፎረፎር ይሰበሰባል።

መፍታቱ የራሱ ወግ አለው። ጣትን ዘይት ነክሮ ከጫፍ መጀመር ነው። ቀስ ተብሎ ከተፈታ ፀጉሩ ሞገድ ሞገድ ብሎ ይቀራል፤ ትዊስት አውት የሚባለው ይኸው ነው፣ ብዙዎች ትዊስቱን የሚሠሩትም ለዚህ ብለው ነው። ያን ቀን ማበጠሪያ አይነካውም።

መጀመሪያ የሚያስደነግጠው ግን እጅ ላይ የሚቀረው ነው። ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ ይረግፍበታል፤ ጤነኛ ነው። በትዊስት ጊዜ የረገፈው የሚወድቅበት ስለሌለ እዚያው ተጠምጥሞ ይቆያል። የሦስት ሳምንቱ ቢደመር ከ1,000 እስከ 2,000 ዘለላ ነው፤ ሁሉም በአንድ ምሽት ይወጣል። አንዱን ብርሃን ላይ አድርጋችሁ እዩት። አንድ ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ ካለ ከነሥሩ በጊዜው የረገፈ ነው። ነጥቡ ከሌለና አጭር ከሆነ ግን ተበጥሷል። አጫጭሩ ከበዛ፣ ቀጣዩን ከመሥራታችሁ በፊት ጫፉን ማስከርከም ነው።