ጥላሁን ጋ፦ በጂማ መንገድ ዳር ያለ የመታሰቢያ ሥዕል

ከአየር ጤና ወደ ዓለም ገና በሚወስደው የጂማ መንገድ ዳር፣ በአንድ የብሎኬት አጥር ላይ፣ የክቡር ዶክተር ጥላሁን ገሠሠ መልክ በትልቁ ተሥሎ ይታያል። ሥዕሉ ይፋዊ ስያሜ የለውም፤ የአካባቢው ሰው ቦታውን «ጥላሁን ጋ» ይለዋል፣ የታክሲ ተሳፋሪም «ጥላሁን ጋ ወራጅ አለ» ብሎ ይወርዳል። ፊርማም ሆነ ዓመተ ምሕረት ስላልተጻፈበት፣ ይህ ዳሰሳ የተዘጋጀው ግድግዳውን ደጋግሞ በማየት፣ የሰፈሩን ሰዎች በመጠየቅና ስለ ድምፃዊው ሕይወት በሰፊው በታወቀው ታሪክ ላይ በመመሥረት ነው።

መንገዱ ከከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ተነሥቶ በዓለም ገና፣ በሰበታና በቱሉ ቦሎ አድርጎ ወሊሶ ይገባል፤ ከአዲስ አበባ ወሊሶ 114 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዓለም ገናና ሰበታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። አካባቢው ቀደም ሲል የእርሻ መሬት ነበር።

ሥዕሉ ለምን እዚህ እንደተሣለ ለመረዳት የድምፃዊውን የልጅነት ዘመን ማወቅ ያስፈልጋል። ጥላሁን ገሠሠ መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል ዕለት ተወለደ። ትውልዱ ወሊሶ ነው የሚሉ አሉ፤ አብዛኛው የሕይወት ታሪኩ ግን አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ወሊሶ፣ ወደ አያቱ ዘንድ መወሰዱን ይናገራል። በዚያም በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ሲማር ዝንባሌው ከቀለም ትምህርት ይልቅ ወደ ዜማ አደላ። የሀገር ፍቅር ቴአትር ከያንያን ለትርኢት ወደ ትምህርት ቤቱ በመጡ ጊዜ ልጁ ፍላጎቱን ለኢዮኤል ዮሐንስ ገለጸላቸው፤ ሙያው ከልብህ ከሆነ አዲስ አበባ መምጣት አለብህ የሚል ምላሽም አገኘ። ከዚህ በኋላ ጉዞ ጀመረ። በመጀመሪያው ሙከራ በእግሩ 15 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ይነገራል፤ አያቱ ትምህርቱን ትቶ መሄዱን ሰምተው እስከ ቱሉ ቦሎ ተከተሉት፣ እዚያም ዘመድ ቤት አድሮ በማግሥቱ ወደ ወሊሶ ተመለሰ። ልቡ ግን አልተመለሰም። በሁለተኛው ጊዜ ዕቃ በጫነ መኪና ላይ ተደብቆ ወደ አዲስ አበባ መጣ። ዛሬ ሥዕሉ ያለበት አጥር የቆመው ከወሊሶ የሚነሣ መኪና ወደ ከተማው በሚገባበት በዚሁ አቅጣጫ ነው። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ለጎብኚ ከሁሉ አስቀድመው የሚነግሩትም ይህንኑ ነው፤ ሲነግሩም ልጁን ራሳቸው ከመኪናው እንዳወረዱት ያህል በፍቅር ነው።

አዲስ አበባ እንደደረሰ በሀገር ፍቅር ተቀጠረ፤ ከዚያም የንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር ወደነበረው ወደ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተዛወረ። በዘመናዊ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ውስጥ እስካሁን አቻ ያልተገኘለት ድምፅ የበሰለው በዚህ ቤት ነው። ክቡር ዘበኛ የነፋስ መሣሪያዎችን በወታደራዊ ሥርዓት ያደራጀ፣ የኖታ ትምህርት የሚሰጥ፣ እንደ ሳህሌ ደጋጎ ያሉ የዜማና የቅንብር ባለሙያዎች የሠሩበት፣ ብዙነሽ በቀለንና ማሕሙድ አሕመድን የመሳሰሉ ድምፃውያን የወጡበት ተቋም ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዦች የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ባደረጉ ጊዜ ጣጣው ለኦርኬስትራውም ተረፈ፤ ጥላሁንም ለተወሰነ ጊዜ ታሰረ። ከእስር ከወጣ በኋላ በክቡር ዘበኛ፣ ቀጥሎም ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር አገልግሏል። በአማርኛም በኦሮምኛም የዘፈነ በመሆኑ፣ ሁለቱንም ቋንቋዎች በአንድ ግቢ በሚያናግረው በዚህ ዳርቻ ማንም የእኔ ነው ቢል የሚከለክለው የለም።

በደርግ ዘመንና ከዚያም በኋላ መድረክ አልተለየውም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። በስኳር በሽታ ምክንያት አንድ እግሩ ከተቆረጠ በኋላም ዘፍኗል። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ በዓል ዕለት አረፈ፤ በአራተኛው ቀን በመስቀል አደባባይ በመንግሥታዊ ሥርዓት ተሸኝቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

ሥዕሉ ሁለት ክፍል አለው። በቀኝ በኩል ጥላሁን ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ዓይኖቹን ጨፍኖ፣ ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠግቶ ይታያል። በግራ በኩል፣ በሩቅ፣ የባሕር ዛፍ የተሰለፈበት መንገድና አንድ ሸራ የለበሰ የጭነት መኪና አለ፤ ከሸራው ሥር የልጅ ፊት ብቅ ብሏል። መኪናው ፊቱን ያዞረው ወደ ከተማው ነው፤ በአጥሩ ፊት ለፊት ከሰበታ የሚመጡት እውነተኛ መኪኖችም በዚያው አቅጣጫ ያልፋሉ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም። የትልቁ መልክ መነሻ የካሴት ሽፋን ፎቶግራፍ ነው የሚለው ግምት በሰፈሩ ጸንቷል፤ የአንገቱ ዘንበል ማለትና የፊቱ ብርሃን ከአንድ ወገን ብቻ መምጣቱ ግምቱን ያጠናክረዋል።

አሠራሩ በከተማው የግድግዳ ሥዕል ሙያ የተለመደው ነው። ብሎኬቱ በሲሚንቶ ተለስኖ እንዲደርቅ ይተዋል፣ ስንጥቁ በስቱኮ ይደፈናል፣ ከሥር ነጭ ቀለም ይቀባል። ከዚያም ፎቶግራፉና ግድግዳው እኩል ቁጥር ባላቸው አራት ማዕዘን ቤቶች ይከፈሉና ሠዓሊው ከአጣና በተሠራ መወጣጫ ላይ ሆኖ እያንዳንዱን ቤት ወደ ግድግዳው ያሰፋዋል። ጥላሁን ጋ ያለው ግድግዳ ቀረብ ብለው ሲያዩት፣ በኮቱ ጨለማ ክፍል ላይ የእርሳስ መስመሮቹ አሁንም ይታያሉ። ሰፊው መደብ በውሃ ቀለም፣ ፊቱና እጁ በዘይት ቀለም የተሠሩ ይመስላሉ፤ ፊቱ ከሌላው በተሻለ መቆየቱም በዚህ ሊሆን ይችላል። የዚህ ሙያ ትልቁ ጠላት ክረምት ነው። ከሰኔ ጀምሮ የሚወርደው ዝናብ ከአጥሩ እግር ርጥበት እያስገባ፣ ልስኑ ነጭ ጨው ያወጣና ቀለሙን ያነሣዋል። በዚህ ምክንያት የሥዕሉ የታችኛው ክንድ ያህል ተልጧል፤ የመኪናው የፊት ጎማም የለም።

ሥዕሉ መቼ ተሣለ በሚለው ላይ ስምምነት የለም። የውስጥ ለውስጡ መንገድ ኮብልስቶን ከመነጠፉ በፊት ነው የሚሉም፣ ከተነጠፈ በኋላ ነው የሚሉም አሉ፤ ሁለቱም እርግጠኞች ናቸው። ወጪውን የሸፈኑት የሰፈሩ ሰዎች በመዋጮ መሆናቸውን ግን የሚከራከር አላጋጠመም።

ለመጎብኘት የሚመች ሰዓት ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጥላ ስለሚያርፍበት የጨፈኑት ዓይኖች በደንብ አይታዩም። መንገዱ ጠባብ፣ የመኪናው ፍሰትም ከባድ ስለሆነ ከማዶ ቆሞ ማየት ይሻላል፤ ሙሉው ሥዕል በአንድ ዓይን የሚገባውም ከዚያ ነው። አጥሩ የግለሰብ በመሆኑ ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት ባለቤቱን ማስፈቀድ ጨዋነት ነው። ብዙ ሰው የሚመጣው በመስቀልና በትንሣኤ ነው። በመስቀል ሰሞን፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ የሰፈሩ ወጣቶች የተላጠውን መደብ አድሰው ይቀባሉ፤ ኮቱን፣ ሸራውንና የባሕር ዛፉን ቅጠል ነክተዋል፣ ፊቱን ግን ማንም እጁን ሳያሳርፍበት እንደተሣለ አለ።