ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር፦ ስለ ካሜራና ስለ ድሮን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ካሜራ ወይም ድሮን ይዞ ሲገባ ዕቃው ብቻውን አይመጣም። ካርቶኑ ላይ የታተሙት ቁጥሮችና ስለ ቁጥሮቹ የሚወራው ወሬ አብረው ይመጣሉ። ቁጥሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ሐሰት አይደሉም፤ ሆኖም እያንዳንዳቸው የተለኩት በአንድ የተወሰነ ሁኔታ ነው፤ ሁኔታው ደግሞ በትንሽ ፊደል ከታች ይጻፋል ወይም ጨርሶ አይጻፍም። ብዙዎቹ የተሳሳቱ አመለካከቶች የሚወለዱትም ቁጥሩን ይዘን ሁኔታውን ስንረሳ ነው።

«ስልኬ 200 ሜጋፒክሰል ስለሆነ ከካሜራ ይበልጣል»

ሜጋፒክሰል የሚነግረን ምስሉ በስንት ሚሊዮን ነጥቦች እንደተከፈለ ብቻ ነው። በአንድ በኩል 4,000፣ በሌላ በኩል 3,000 ነጥብ ያለው ምስል 12 ሜጋፒክሰል ይባላል። ፎቶ ቤት የሚታተመው የተለመደው 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ፎቶ፣ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ቢታተም እንኳን ከ2 ሜጋፒክሰል ብዙም የዘለለ አይፈልግም፤ ኤ4 ወረቀት የሚሞላ ፎቶም 9 ሜጋፒክሰል ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ከዚያ በላይ ያለው ቁጥር የሚጠቅመው ፎቶውን ቆርጦ ለማስቀረት ወይም በጣም አሳድጎ ለማተም ለሚፈልግ ሰው ነው።

በምሽት የሰርግ አዳራሽ ውስጥ ልዩነቱን የሚያመጣው ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር ስፋት ነው። ፉል ፍሬም የሚባለው ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ስፋቱ 864 ካሬ ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ አንድ ኢንች የሚባለው ደግሞ 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 116 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። (ስሙ ራሱ አሳሳች ነው፤ አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሳለ የዚህ ሴንሰር አንድም ጎን እዚያ አይደርስም።) የአብዛኞቹ ስልኮች ሴንሰር ከዚህም ያንሳል። 200 ሚሊዮን ነጥብ በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ሲታጨቅ እያንዳንዱ ነጥብ የሚያገኘው ብርሃን እጅግ ጥቂት ስለሚሆን፣ ስልኩ ራሱ አሥራ ስድስት ነጥቦችን እንደ አንድ ቆጥሮ 12.5 ሜጋፒክሰል ምስል ያስቀምጣል። ባለቤቱ በ200 ሲመካ ስልኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በ12.5 ነው።

«ከአሜሪካ የመጣ ቻርጀር ያለ ትራንስፎርመር ይቃጠላል»

ይህን ለመፍታት ቻርጀሩን ገልብጦ ጽሑፉን ማንበብ ይበቃል። ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ይሠራል፤ የሚያስፈልገው የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው። የካሜራ፣ የድሮን፣ የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም እንዲህ ናቸው። የሚቃጠለው 120 ቮልት ብቻ የሚል ዕቃ ነው፤ ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ የተገዛ የፀጉር ማድረቂያ።

«ቪዲዮው የሚያብለጨልጨው ካሜራው ስለተበላሸ ነው»

ካሜራው አልተበላሸም፤ የተዘጋጀው ለሌላ አገር የኤሌክትሪክ መስመር ነው። በአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 60 ጊዜ ሲመላለስ በኢትዮጵያ፣ በአውሮፓና በእስራኤል 50 ጊዜ ይመላለሳል። በእኛ አገር መስመር የሚበራ መብራት በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል፤ ዓይን ይህን አያየውም፣ ካሜራ ግን ያየዋል። ለአሜሪካ ገበያ የተዘጋጀ ካሜራ በሴኮንድ 30 ወይም 60 ምስል ስለሚቀርጽ ከመብራቱ ምት ጋር ስለማይገጥም፣ በቪዲዮው ላይ ቀስ እያለ የሚንቀሳቀስ ጥቁር መስመር ወይም የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ ይታያል። ቀን ከቤት ውጭ ሲቀረጽ ግን ምንም ችግር አይኖርም፤ ሰዎች «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ያስቸግራል» እያሉ ለጥገና የሚወስዱትም ለዚህ ነው።

መፍትሔው በካሜራው ማስተካከያ ውስጥ ኤንቲኤስሲ የሚለውን የአሜሪካ የቪዲዮ ሥርዓት ፓል ወደሚባለው የአውሮፓ ሥርዓት መለወጥ፣ ከዚያም በሴኮንድ 25 ወይም 50 ምስል መርጦ የሹተሩን ፍጥነት፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ በሴኮንድ አንድ ሃምሳኛ ወይም አንድ መቶኛ ላይ ማቆም ነው። በአይፎንም ቢሆን የቪዲዮ መቅረጫው ማስተካከያ ውስጥ የፓል ምርጫዎችን የሚያሳይ ቁልፍ አለ። አንዳንድ ርካሽ የኤልኢዲ መብራቶች የራሳቸው ምት ስላላቸው ይህም ላያድን ይችላል፤ ያን ጊዜ መስመሩ እስኪጠፋ ድረስ የሹተሩን ፍጥነት በጥቂት በጥቂቱ ከመለወጥ ሌላ መንገድ የለም። ከሁሉ በላይ ግን ይህ ሁሉ መሠራት ያለበት ሙሽሮቹ ከመግባታቸው በፊት ነው፤ አንዴ የተቀረጸ መንቀጥቀጥ በኋላ ቢታረምም ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

«ብርሃኑን ካሜራው ራሱ ያስተካክለዋል»

ካሜራው ያስተካክላል፤ የሚያስተካክለው ግን እንደ ሰው አስቦ ሳይሆን የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ በማቅረብ ነው። በመስቀል ወይም በጥምቀት ዕለት ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ የለበሱ ሰዎች ምስሉን ሲሞሉት ካሜራው «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ያጨልማል፤ ነጩ ልብስ ግራጫ ይሆናል፣ የሰዎቹም ፊት ከልብሱ ጋር አብሮ ይጠቁራል። ከዚያ በኋላ «ይህ ካሜራ የእኛን መልክ አያወጣም» የሚል ቅሬታ ይነሣል። እንዲህ ያለውን ቅሬታ ተገቢ አይደለም ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን በዚህ ጉዳይ መድኃኒቱ በእጃችን ነው። ፕላስና ማይነስ ምልክት ያለበትን ማስተካከያ ወደ ፕላስ 1 አካባቢ ማሳደግ፣ ወይም በስልክ ላይ ፊቱን በጣት ነክቶ የብርሃኑን መለኪያ ወደዚያ ማዞር ነው። መጠንቀቅ ያለብን የነጠላው ጥለትና የጨርቁ ሽመና እስኪጠፋ ድረስ እንዳናበራው ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ «ፍላሽ የሚያስፈልገው በጨለማ ነው» ይባላል። በእኩለ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ በዓይን ጉድጓድና በአገጭ ሥር የሚያርፈውን ጥላ የሚያነሣው ያው ፍላሽ ነው።

«ድሮኑ 31 ደቂቃ ይበራል ተብሎ ተጽፏል»

ይህ ቁጥር ለምሳሌ ዲጄአይ የተባለው የድሮን አምራች በሚሠራው አነስተኛ ድሮን፣ በሚኒ 2 ላይ የሚገኝ ነው። ፋብሪካው የለካው ነፋስ በሌለበት፣ ድሮኑ በሰዓት 17 ኪሎ ሜትር በሆነ ወጥ ፍጥነት ሲጓዝ፣ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ነው። ማንም ሰው በዚህ ሁኔታ ድሮን አያበርም፤ ባትሪው 20 ወይም 25 በመቶ ሲቀረው ማሳረፍ ግድ ስለሆነ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ገና ከመጀመሪያው የእኛ አይደሉም።

በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ግን ሌላ የሚቀነስ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ድሮን የሚንሳፈፈው አየርን ወደ ታች በመግፋት ነውና፣ የሚገፋው አየር ሲሳሳ ፕሮፔለሩ በፍጥነት መዞር አለበት፤ በስሌት ሲታይ ባለበት ለመንሳፈፍ ብቻ 12 በመቶ ያህል ተጨማሪ ኃይል ይፈጃል። ይህ ማለት 31 ደቂቃው ነፋስ በሌለበትም ወደ 27 እና 28 ይወርዳል፤ ለማሳረፊያ የሚተወው ሲቀነስ የሚቀረው ከ20 ደቂቃ ብዙም የማይበልጥ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው እንጦጦ ወይም በሰሜን ተራሮች ጉዳዩ ይብሳል፤ በዚያ ላይ የንጋቱ ብርድ የባትሪውን አቅም ይቀንሳል። አምራቾቹ ይህን ያውቁታል፤ ዲጄአይ ኢንስፓየር 2 ለተባለው ትልቅ ድሮኑ ከ2,500 ሜትር በላይ ሲበር የሚገጠም ልዩ ፕሮፔለር አዘጋጅቶለት ነበር። በተቃራኒው ወደ ዳሎል የሚወርድ ሰው አየሩ ወፍራም ነው ብሎ መጽናናት አይችልም፤ የአነስተኛ ድሮኖች የሙቀት ገደብ ብዙውን ጊዜ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ዳሎል ያንን በቀላሉ ታልፈዋለች።

ድሮኑ ከመቆጣጠሪያው እስከ 10 ኪሎ ሜትር ይርቃል የሚለው ቁጥርም ከዚሁ ወገን ነው። የዚያው ድሮን ቁጥር በአሜሪካ ደንብ 10፣ በአውሮፓ ደንብ 6 ኪሎ ሜትር ተብሎ ይጻፋል፤ ሁለቱም የሚሠሩት መሐል ላይ ምንም ሳይጋርደው፣ ሌላ የሬዲዮ ሞገድም ሳይረብሸው ነው። ዋይፋይ በየፎቁ በሚሠራበት ሰፈር ያን ርቀት መጠበቅ አይገባም።

«ስክሪኑ ላይ 60 ሜትር ስለሚል ከመሬት 60 ሜትር ላይ ነው»

በእኔ ግምት ብዙ ድሮን የሚሰበረው በዚህ ስሕተት ነው። በተለመዱት ድሮኖች ስክሪን ላይ የሚታየው ከፍታ ድሮኑ ከተነሣበት ቦታ ያለው ልዩነት እንጂ አሁን ከሥሩ ካለው መሬት ያለው ርቀት አይደለም። ከሸለቆ አስነሥቶ ወደ ኮረብታው ያበረረ ሰው ስክሪኑ 60 ሲለው በእውነት ከዛፎቹ ጫፍ ላይ ሊሆን ይችላል። ከገደል አፋፍ አስነሥቶ ወደ ፊት ያበረረ ሰው ደግሞ ስክሪኑ ዜሮ እያለው ድሮኑ ከመሬት በብዙ መቶ ሜትር ርቆ ይገኛል፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ያለው የ120 ሜትር ገደብ የሚለካው ከመሬት ስለሆነ ሳያውቅ ሕግ ጥሷል ማለት ነው።

ሲግናል ሲቋረጥ ድሮኑ ወዲያው ይወድቃል ብለው የሚሠጉ አሉ፤ ይህም ልክ አይደለም። ጂፒኤስ ያለው ድሮን በቂ ሳተላይት አግኝቶ የተነሣበትን ቦታ ከመዘገበ፣ ግንኙነቱ ሲቋረጥ አስቀድሞ ወደ ተወሰነለት ከፍታ ወጥቶ ቀጥ ባለ መስመር ይመለሳል። አደጋው ያ ከፍታ ራሱ ከተነሣበት ቦታ የሚለካ መሆኑ ነው። መመለሻው 30 ሜትር ተብሎ ቢሞላና በመንገዱ ላይ 80 ሜትር የሚሆን ኮረብታ ወይም የግንባታ ክሬን ቢኖር፣ ፊት ለፊት የሚያይ ሴንሰር የሌለው ድሮን ሄዶ ይላተማል። ሴንሰር ያለውም ቢሆን ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦን፣ መስተዋትንና በጨለማ ያለን ነገር ብዙ ጊዜ አያይም። ስለዚህ ድሮኑን ከማስነሣት በፊት ዙሪያውን ተመልክቶ ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር ከፍታ መገመት፣ የመመለሻውንም ቁጥር ከዚያ በላይ መሙላት ይገባል።

«249 ግራም ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልገውም»

ይህ እምነት የተወሰደው ከአሜሪካ ደንብ ነው፤ እዚያም ቢሆን በግማሽ ብቻ እውነት ነው። በአሜሪካ ከ250 ግራም በታች የሆነ ድሮን ከምዝገባ ነፃ የሚሆነው ለመዝናኛ ሲበር ብቻ ነው፤ የዘመድን ሰርግ በክፍያ የሚቀርጽ ሰው ድሮኑን ማስመዝገብና የአብራሪነት ፈቃድ መያዝ አለበት። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ ካሜራ የተገጠመለት ከሆነ፣ የልጆች መጫወቻ እስካልሆነ ድረስ፣ ክብደቱ ቢያንስም ድሮኑን የሚጠቀምበት ሰው መመዝገብ አለበት። ወደ ኢትዮጵያ ለሚመጣ ድሮን አስቀድሞ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር፣ ኢንሳ ከምንለው ተቋም፣ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ ቦሌ የደረሰ ድሮን በጉምሩክ ይያዛል። «አሜሪካ ውስጥ ነፃ ነው» የሚለው ክርክር እዚያ ጠረጴዛ ላይ ፋይዳ የለውም። ስጦታ ሊያመጣ ያሰበ ዘመድ ትኬት ከመቁረጡ በፊት ይህን ቢጨርስ ይሻላል።

«ባትሪ ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ መሙላት ያበላሸዋል»

ይህ ምክር ድሮ ለኒኬል ካድሚየም ባትሪ ትክክል ነበር። ዛሬ በካሜራና በድሮን ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪ ግን ጨርሶ ማለቁ ይጎዳዋል፤ ለወራት ሳይሠራበት የሚቀመጥ ከሆነም ከ40 እስከ 60 በመቶ ተሞልቶ፣ ሙቀት በሌለበት ቦታ ቢቀመጥ ዕድሜው ይረዝማል። ያበጠ ባትሪ «አሁንም ይሠራል» ተብሎ መሞላት የለበትም። በአውሮፕላን ሲጓዙም ትርፍ ባትሪ ወደ ካርጎ በሚገባው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ በእጅ ሻንጣ ይያዛል፣ ገደቡም አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ባትሪ 100 ዋት ሰዓት ነው። ዋት ሰዓቱ ባትሪው ላይ የተጻፈውን ቮልት በአምፔር ሰዓቱ በማባዛት ይገኛል፤ የሚኒ 2 ባትሪ 7.7 ቮልትና 2.25 አምፔር ሰዓት ስለሆነ 17.3 ዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው።

«ካርዱ ፎርማት ከተደረገ ፎቶው ጠፍቷል»

በተለመደው ፈጣን ፎርማት የሚጠፋው የፎቶዎቹ ማውጫ ነው፤ ፎቶዎቹ ራሳቸው ሌላ ነገር እስኪጻፍባቸው ድረስ ብዙ ጊዜ ካርዱ ላይ ይቆያሉ። ይህን ማወቅ ለሁለት ወገን ይጠቅማል። በስሕተት ፎርማት ያደረገ ሰው ካርዱን ወዲያው ከካሜራው አውጥቶ፣ አንድም ፎቶ ሳይጨምርበት፣ መልሶ የሚያወጣ ሶፍትዌር ላለው ባለሙያ መስጠት አለበት። ካርዱን ወይም ካሜራውን ለመሸጥ ያሰበ ደግሞ ፎርማት አድርጌዋለሁና የቤተሰቤን ፎቶ ማንም አያየውም ብሎ መተማመን የለበትም፤ ቢያንስ ሌንሱን በክዳኑ ሸፍኖ ካርዱ እስኪሞላ ድረስ ቪዲዮ ቀርጾበት እንደገና ፎርማት ያድርገው።